የአል-ኢቲሓድ አል-ኢስላሚ መነሣትና መክሰም፤ በሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነትና በኦጋዴን

መግቢያ

አል-ኢቲሓድ አል-ኢስላሚ የሚለው ስም በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ በስፋት የተሰማው በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሆቴሎች ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ። ሐምሌ 1 ቀን የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን በአዲስ አበባ ተተኩሶባቸው ቆሰሉ። ነሐሴ 3 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻግሮ በሶማሊያ ጌዶ ክፍለ ሀገር የሚገኙትን የድርጅቱን ይዞታዎች መታ። ከአምስት ወራት በኋላ ሁለተኛው ዘመቻ ሲካሄድ ድርጅቱ ያስተዳድረው የነበረውን የመጨረሻ ከተማ አጣ። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ የታጠቀ ኃይል የለም።

ይህ ጽሑፍ ያ ድርጅት እንዴት እንደተነሣ፣ ለምን እንደከሰመና ምን ትቶ እንዳለፈ ይመረምራል። ማዕከላዊ ሐሳቡ የሚከተለው ነው፦ አል-ኢቲሓድ የሕዝብን አመኔታ ያገኘው በማስተማርና በማገልገል ነበር፤ ያጣው ደግሞ «ጦርነትን የማወጅ ሥልጣን የማን ነው?» የሚለውን ጥንታዊ የፊቅህ ጥያቄ ሳይመልስ ጠመንጃ በማንሣቱ ነው። የውጭ ኃይል ያደረሰበት ሽንፈት የክስመቱን ጊዜ አፋጠነው እንጂ ብቸኛ ምክንያቱ አልነበረም።

ጉዳዩ ለአዳማና በስምጥ ሸለቆ ለሚገኙት ለሞጆ፣ ለመቂ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ መምህራንና ኢማሞች ሩቅ አይደለም። አዳማ ከመሐል አገር ወደ ድሬዳዋ፣ ሐረርና ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በእነዚህ ከተሞች መስጂዶች የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የጉራጌው፣ የስልጤውና የአማራው ሙስሊም በአንድ ሶፍ ይቆማል። በምሥራቅ በኩል በሃይማኖት ስም የሚካሄድ ጦርነት በተሰማ ቁጥር ወጣቱ ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ወደ መምህሩና ወደ ኢማሙ ነው። ለጥያቄው የሚበጀው መልስ ደግሞ በጥቅሉ ከማውገዝ ይልቅ የሆነውን በቅደም ተከተል ከማወቅ ይጀምራል።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ከሚል ምልክት ጋር ከተጠቀሱት በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሞችን ስለ መለየት

በመጀመሪያ በአንድነት የሚጠሩ፣ ነገር ግን የተለያዩ አካላትን መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ «እስላማዊ» የሚል መጠሪያ ይዞ የታጠቀ ድርጅት አል-ኢቲሓድ ብቻ አልነበረም። በ1985 በሸኽ ጃራ አባ ገዳ መሪነት የተመሠረተው የኦሮሚያ እስላማዊ ነፃ አውጪ ግንባር ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር ጋር ከተፈጠረ መለያየት የወጣ ሲሆን፣ ዋና እንቅስቃሴውም በምሥራቅ ሐረርጌ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1983 ዓ.ም. በተቋቋመው የሽግግር ምክር ቤት ውስጥ ሦስት መቀመጫ ይዞ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሽግግሩ ወጣ። ጥያቄው በመሠረቱ የኦሮሞ ብሔራዊ ጥያቄ ነበር። እስልምናን የማንነት መገለጫ አድርጎ ያዘ እንጂ ከብሔር በላይ የቆመ እስላማዊ መንግሥት ለመመሥረት የተነሣ ድርጅት አድርጎ ማየት ያስቸግራል።

አል-ኢቲሓድ ከዚህ ይለያል። መነሻው የሃይማኖት ተሐድሶ ነው፤ ግቡም ሶማሊኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩበትን ምድር በሙሉ በሸሪዓ የሚተዳደር አንድ መንግሥት ማድረግ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው አል-ሸባብ ደግሞ በአባላት በኩል ከአል-ኢቲሓድ ጋር ቢገናኝም፣ በአደረጃጀቱም በአስተሳሰቡም ሌላ ድርጅት ነው።

ከሁሉም በላይ ድርጅቱንና የሰለፊያን አስተምህሮ አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በሶማሊያም በኢትዮጵያም የሰለፊያን መንገድ የሚከተሉ እጅግ ብዙ ዑለማዎችና ምእመናን ጠመንጃ ያላነሡ፣ መነሣቱንም የተቃወሙ ናቸው። በአንድ የፊቅህ ወይም የዐቂዳ አቋም ምክንያት ብቻ ሰውን በታጣቂነት መጠርጠር ፍትሕ አይደለም፤ እውነቱንም አያሳይም።

የዳዕዋው ዘመን

የሶማሌ ሕዝብ እስልምና ለዘመናት በሱፊ ጦሪቃዎች፣ በተለይም በቃዲሪያና በአሕመዲያ፣ እንዲሁም በሻፊዒይ መዝሀብ ሥር የቆየ ነው። የባሌው ድሬ ሸኽ ሑሴን ዚያራ ኦሮሞውንና ሶማሌውን በአንድነት ያሰባስብ የነበረው በዚሁ ሰፊ ባህል ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ ግን ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ።

የመጀመሪያው የሲያድ ባሬ መንግሥት ከሃይማኖት ጋር የገባበት ግጭት ነው። በጥር 1975 አዲስ የቤተሰብ ሕግ ሲታወጅ፣ በውርስ ጉዳይ የወጣውን ድንጋጌ በመስጂድ የተቃወሙ አሥር ዑለማዎች በሞት ተቀጡ። ይህ ቅጣት በርካታ ወጣት የዒልም ፈላጊዎችን ወደ ሱዳን፣ ግብፅና የባሕረ ሰላጤው አገሮች አሰደደ። ሁለተኛው በነዳጅ ሀብት ዘመን የተከፈተው የሥራና የትምህርት ዕድል ነው፤ በመዲናና በሌሎች ከተሞች የተማሩ ወጣቶች አዲስ የዳዕዋ ስልት ይዘው ተመለሱ። ሦስተኛው በ1977–78 በኦጋዴን ጦርነት የደረሰው ሽንፈት ነው። «ታላቋ ሶማሊያ» የሚለው ዓለማዊ ብሔርተኝነት ሲሰበር ሌላ ተስፋ የሚፈልግ ትውልድ ቀረ።

በዚህ ሁኔታ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተከፈቱ። በ1978 የተመሠረተው አል-ኢስላሕ የኢኽዋንን መንገድ ተከትሎ ትምህርትንና ቀስ በቀስ የሚመጣ ለውጥን መረጠ። በሌላ በኩል በሰሜን የነበረው ወሕደት አሽ-ሸባብና በደቡብ የነበረው አል-ጀማዓ አል-ኢስላሚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተዋሕደው አል-ኢቲሓድ አል-ኢስላሚን ፈጠሩ። ስሙ ራሱ «እስላማዊ ኅብረት» ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት አል-ኢቲሓድ በመስጂዶች፣ በትምህርት ቤቶችና በገበያ መካከል የሚንቀሳቀስ የዳዕዋ ስብስብ ነበር። አባላቱ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና አንዳንድ መኮንኖች ነበሩ። ሸኽ ዐሊ ወርሰሜን የመሰሉ ምሁራን በመሪነት ነበሩበት። ከጎሳ በላይ የሚሰባሰብ ወንድማማችነት መስበኩ፣ አባላቱም በገንዘብ ጉዳይ መታመናቸው በሙስና በተዳከመ ሥርዓት ውስጥ ለሚኖር ሕዝብ ትልቅ ነገር ነበር። ድርጅቱ ኋላ ያገኘው ተሰሚነት የተጠራቀመው በዚህ ዘመን ነው።

መንግሥት ሲፈርስ

በጥር 1991 የሲያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት የደርግ መንግሥት በኢትዮጵያ ወደቀ። በድንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ታላላቅ ሠራዊቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ተበተኑ፤ መሣሪያቸውም በየመንደሩ በርካሽ ተቸበቸበ። ሶማሊያ በጎሳ ጦሮች እጅ ወደቀች።

አል-ኢቲሓድ በዚህ ጊዜ ከባድ ምርጫ ፊት ቆመ። መንግሥት የለም፤ ሕዝቡ እየተዘረፈና እየተገደለ ነው፤ ወጣት አባላቱ መሣሪያ በእጃቸው ገብቷል። ራስን፣ ንብረትንና ክብርን መከላከል በሸሪዓ የተፈቀደ መሆኑን የሚጠራጠር አልነበረም። ጥያቄው ከዚያ ባሻገር ያለው ነው። ከተማ ይዞ ማስተዳደር፣ ቅጣት መፈጸምና ጂሃድ ማወጅ በማን ሥልጣን ይሆናል? በአንድ ጀማዓ ውስጥ በይዓ የተሰጠው አሚር በጀማዓው ላይ ያለው ሥልጣን በሌላው ሙስሊም ሕዝብ ላይ ይሠራልን? ይህ ሳይፈታ ክስተቶቹ ቀደሙ።

የመጀመሪያው ውጊያ በሚያዝያ 1991 በኪስማዮ አቅራቢያ በአራሬ ተደረገ። የጄኔራል ሞሐመድ ፋራሕ አይዲድ ጦር ወደ ኪስማዮ ሲገሰግስ የአል-ኢቲሓድ ተዋጊዎች በድልድዩ ላይ ሊያቆሙት ሞክረው ተሸነፉ። ውጊያው ገና ከጅምሩ የድርጅቱን ፈተና አሳየ። አይዲድ የመጣው በጎሳ ኃይል ነው፤ በአል-ኢቲሓድ ሰልፍ ውስጥ ደግሞ የአይዲድን ጎሳ ጨምሮ የተለያዩ ጎሳዎች ልጆች ነበሩ። ከጎሳ በላይ የሆነው ወንድማማችነት የመጀመሪያ ፈተናው የደረሰበት በዚያ ድልድይ ላይ ነው።

ሁለተኛው በሰሜን ምሥራቅ በቦሳሶና በጋሮዌ ተከሰተ። የአካባቢው ድርጅት፣ የሶማሊ ድነት ዴሞክራሲያዊ ግንባር፣ የቦሳሶን ወደብ አስተዳደር ለአል-ኢቲሓድ ሰዎች ሰጥቷቸው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ በመያዝ ይታመኑ ነበር። የወደቡን ሥራ አሳለጡ፤ የበጎ አድራጎት አገልግሎትም ሰጡ። ነገር ግን በሰኔ 1992 ጋሮዌን በኃይል ይዘው የግንባሩን መሪዎች፣ ጄኔራል ሞሐመድ አብሺርን ጨምሮ፣ አሰሩ። የጎሳ ሽማግሌዎችና የግንባሩ ጦር በኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ መሪነት ተነሥተው በቀናት ውስጥ ድርጅቱን ከከተሞቹ አስወጡት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላቱም በውጊያው አለቁ። ወደብ በአደራ የሰጠው ሕዝብ ራሱ አደራውን በኃይል መለሰ። በሕዝብ ፈቃድ የተገኘ ሹመትና በጠመንጃ የተያዘ ሥልጣን በአንድ ሕዝብ ዓይን ምን ያህል እንደሚለያዩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሉቅ ዓመታት

ከባሌ ተራሮች አካባቢ የሚነሣው የገናሌ ወንዝ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማሊያ ይፈሳል። ከድንበሩ ብዙም ሳይርቅ በወንዙ መታጠፊያ ላይ የቆመችው ጥንታዊ የንግድ ከተማ ሉቅ ናት። አል-ኢቲሓድ ከ1992 ጀምሮ እስከ 1996 ሉቅን አስተዳደረ።

ሉቅ ስለ ድርጅቱ የሚነገረው ደግም ክፉም በአንድነት የሚታይባት ቦታ ነች። በጦርነት ከተቃጠሉት የደቡብ ሶማሊያ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ጸጥታ ነበረባት። ዝርፊያ ቀነሰ፤ የእርዳታ ሠራተኞች በሰላም ይሠሩ ነበር፤ ቁርዓን ቤቶችና ሕክምና ተከፈቱ። በሌላ በኩል ጫት ተከለከለ፤ የሸሪዓ ቅጣቶች ተፈጸሙ፤ ተዋጊዎችም በአካባቢው ይሠለጥኑ ነበር። ከተማዋ የመሬሐን ጎሳ ምድር በመሆኗ የአካባቢው የጎሳ ድርጅት፣ የሶማሊ ብሔራዊ ግንባር፣ አስተዳደሩን እንደ ባዕድ ቆጠረው። ሕዝቡ ጸጥታውን ወዶታል፤ የጸጥታው ባለቤት ለመሆን ግን አልተጠየቀም።

በዚያው ዘመን ሱዳን የሐሰን አት-ቱራቢ ተጽዕኖ የነገሠባት፣ ከየአገሩ የተሰደዱ ታጣቂዎችም የተሰበሰቡባት ነበረች። ኡሳማ ቢን ላደን እስከ 1996 በኸርጡም ይኖር ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የነበረው ግንኙነት የድርጅቱን ታጣቂ ክንፍ ወደ ውጭ አስተሳሰብና ወደ ውጭ ጠብ ሳበው። ለሶማሌ ሕዝብ ችግር መፍትሔ ሊሆን የተነሣ ጀማዓ በሌሎች ትግል ውስጥ ሥፍራ ያዘ።

ኦጋዴንና 1988 ዓ.ም.

በኢትዮጵያ በኩል አል-ኢቲሓድ ከ1991 ጀምሮ በኦጋዴን ታጣቂዎች ነበሩት። የኢትዮጵያ ክንፉ ከሶማሊያው ጋር በዓላማና በሰው የተሳሰረ ቢሆንም የራሱ አመራር ነበረው። በዚያ ጊዜ በሽግግሩ ሥርዓት ክልል 5 ተብሎ የተዋቀረው አካባቢ በኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር፣ በሌሎች የጎሳ ድርጅቶችና በማዕከላዊው መንግሥት መካከል ይናጥ ነበር። ከ1992 ጀምሮ አል-ኢቲሓድና የኢሕአዴግ ኃይሎች በተደጋጋሚ ተዋጉ፤ የድርጅቱ ይዞታም እየተመናመነ ሄደ።

በ1994 በሁርሶ የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ሶማሌ ዴሞክራሲያዊ ሊግን የመሩት ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን በፌዴራሉ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ መሥራትን የሚወክሉ ሙስሊም ሶማሌ ነበሩ። የጥቃቱ ዒላማ እርሳቸው መሆናቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በሃይማኖት ስም የተነሣው ጠመንጃ የተተኮሰው የሕዝቡን ጉዳይ በሌላ መንገድ በያዘ ሙስሊም ላይ ነው። የሆቴሎቹ ቦምብ ደግሞ ሰውን በእምነቱ ሳይለይ የገደለ ነበር። ተዋጊ ያልሆነን ሰው ማጥቃት በጦርነት ሕግጋት የተከለከለ መሆኑ በአራቱም መዝሀቦች የታወቀ ነው፤ በዚያ ዓመት የተፈጸመው ሥራ ከዚህ ሕግ ጋር የሚታረቅበት መንገድ የለም።

የመንግሥት ምላሽ በሉቅ፣ በቡሎ ሐዋና በአካባቢው ላይ የተደረገው የነሐሴ 1996 ዘመቻ ነበር። በጥር 1997 ሁለተኛው ተደረገ። የሶማሊ ብሔራዊ ግንባር ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ተሰልፎ ነበር። በእነዚህ ሁለት ዘመቻዎች ድርጅቱ መሬት የሚያስተዳድር ኃይል መሆኑ አበቃ።

በኢትዮጵያ ውስጥ ላለው ሙስሊም የዚያ ዘመን መዘዝ ከጦር ሜዳው የሰፋ ነበር። በሰኔ 1995 በግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ በአዲስ አበባ የተደረገው የግድያ ሙከራ የግብፅ ታጣቂዎች ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት በአንዋር መስጂድ ደም የፈሰሰበት ግጭት ደግሞ ከመጅሊሱ አመራር ጋር የተያያዘ የውስጥ ጉዳይ ነበር። እነዚህ ከአል-ኢቲሓድ ጋር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆኖም በጊዜው በጸጥታ ዓይን በአንድ ጥቅል ታዩ፤ የሙስሊም ማኅበራትም ተዘጉ። የጥቂቶች ጠመንጃ የብዙኃኑን ሰላማዊ ተቋማት በጥርጣሬ ሥር ጣለ። ከዓመታት በኋላ በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው ሰላማዊ የመብት ጥያቄ ሲነሣ ይህ አሮጌ ጥርጣሬ እንደገና ታየ።

የመክሰሙ ምክንያቶች

የአል-ኢቲሓድን መክሰም በወታደራዊ ሽንፈት ብቻ ማብራራት አይበቃም። ድርጅቱ ከኢትዮጵያ ዘመቻ በፊት በአራሬና በሰሜን ምሥራቅ ተሸንፎ ነበር፤ የሸነፉትም ሙስሊም ሶማሌዎች ናቸው። ስለዚህ ምክንያቶቹን ከውስጥ መጀመር ይገባል።

አንደኛው የሥልጣን ጥያቄ ነው። ፉቀሃእ ጂሃድን ማወጅ የግለሰቦች ወይም የአንድ ስብስብ ሥራ ሳይሆን የሕዝቡን ጉዳይ የተሸከመ ባለሥልጣን ኃላፊነት መሆኑን ሲያስተምሩ የኖሩት ለከንቱ አይደለም። መንግሥት በሌለበት አገር «ባለሥልጣኑ ማነው?» የሚለው ጥያቄ አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መልሱ «መሣሪያ ያለው ሁሉ» ከሆነ እያንዳንዱ ጀማዓ ለራሱ አሚር፣ ለራሱም ጦርነት ይኖረዋል። በሶማሊያ የታየው ይኸው ነው። በድርጅቱ ውስጥም ወታደራዊውን ክንፍ ይመሩ የነበሩት እንደ ሸኽ ሐሰን ዳሂር አዌይስ ያሉ ሰዎች በአንድ በኩል፣ ዳዕዋና ትምህርት እንዲቀድም የሚሹ ዑለማዎች በሌላ በኩል ሆነው ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ።

ሁለተኛው ጎሳ ነው። ድርጅቱ ጎሳን በስብከት ሊያሸንፍ ሞክሮ በሰላም ጊዜ ተሳክቶለት ነበር። በጦርነት ጊዜ ግን መሬት የጎሳ ነው፤ ውኃም ግጦሽም የጎሳ ነው፤ ደም ካሳ የሚከፍለውም ጎሳ ነው። ተዋጊው ከሌላ አካባቢ ሲመጣ የሃይማኖት ወንድም መሆኑ ቀርቶ የባዕድ ጎሳ ወራሪ ሆኖ ታየ። የሽማግሌዎችን የሕግ ሥርዓት ጥሶ የገባ ኃይል ሽማግሌዎችን ጠላት አደረጋቸው።

ሦስተኛው ከነባሩ እስልምና ጋር የገባበት ግጭት ነው። የሱፊ መሻይኾችን መንገድ በጥብቅ መንቀፉ ሰፊው ምእመን ሊከላከልለት የሚችለውን ልብ አራቀበት። አራተኛው፣ በድንበር ማዶ ጠላት ማብዛቱ ነው። በአገሩ ጎሳዎች ላይ ሳያሸንፍ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሌላ ጦርነት ከፈተ፤ ሁለቱ ባላንጣዎቹም በጌዶ እጅ ለእጅ ተያያዙበት።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አብዛኛው አመራር መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ወታደራዊው ሥራ ቀርቶ አባላቱ በየአካባቢያቸው በዳዕዋ፣ በትምህርትና በንግድ እንዲሠሩ ተወሰነ። የዚህ ወገን ዑለማዎች ኋላ አል-ኢዕቲሳም በሚባለው ስብስብ ውስጥ ቀጠሉ። ብዙዎቹም የአል-ሸባብ ዋና ተቺዎች ሆነዋል።

በዚያው ዘመን ጠመንጃ ሳያነሣ የቆየውን አል-ኢስላሕን ማነጻጸር ይጠቅማል። የዚያ መንገድ ሰዎች በጦርነቱ መካከል ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1997 ሥራ የጀመረውን የሞቃዲሾ ዩኒቨርሲቲን ካቋቋሙት መካከልም ይገኛሉ። አል-ኢቲሓድ የመጨረሻ ከተማውን ባጣበት ዓመት ዩኒቨርሲቲው በሩን ከፈተ። ከተማ ይዘው የነበሩት ከተማውን አጡ፤ ትምህርት ቤት የከፈቱት ግን ትውልድ አፈሩ።

ቅሪቱ

የድርጅት መክሰም የሐሳብ መክሰም አይደለም። ጥቂቶች የዑለማዎቹን ውሳኔ አልተቀበሉም። ሸኽ ሐሰን ዳሂር አዌይስ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥራ ገቡ፤ ሐሰን ቱርኪ በደቡብ ጫፍ በራስ ካምቦኒ ቆዩ። በአፍጋኒስታን የሠለጠኑ፣ እንደ አደን ሐሺ አይሮ ያሉ ወጣቶች ደግሞ የአል-ሸባብን መሠረት ጣሉ። በዚህ ሁሉ መካከል፣ በመስከረም 2001 አሜሪካ አል-ኢቲሓድን በአሸባሪነት ስትመዘግብ ድርጅቱ እንደ ድርጅት ፈርሶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የአል-በረካት የገንዘብ ማስተላለፊያ ንብረት ሲታገድ የተጎዱት በውጭ አገር ዘመድ የሚረዳቸው ድሆች ነበሩ።

በሰኔ 2006 የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ተቆጣጠረ። ሕዝቡ የተቀበለው የጦር አበጋዞችን ኬላዎች ስላነሣለት ነው። በታኅሣሥ 2006 የኢትዮጵያ ጦር ገብቶ ኅብረቱን በጥቂት ሳምንታት በተነው። ነገር ግን ከኅብረቱ ውስጥ ለዘብተኞቹ ሲሰደዱ፣ አክራሪው አል-ሸባብ «የውጭ ጦር ገባ» የሚለውን ቁጣ ተጠቅሞ አደገ። በጥር 2009 የኢትዮጵያ ጦር ሲወጣና የኅብረቱ መሪ የነበሩት ሸኽ ሸሪፍ ሸኽ አሕመድ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አል-ሸባብ ጦርነቱን በእርሳቸው ላይ ቀጠለ። በዚህም ጠቡ ከመጀመሪያው የሥልጣን ጠብ እንደነበር ታየ።

በታኅሣሥ 2009 በሞቃዲሾ የበናድር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ሲመረቁ አጥፍቶ ጠፊ ራሱን አፈንድቶ ተመራቂዎችን፣ መምህራንንና ሦስት ሚኒስትሮችን ገደለ። የመሻይኾች መቃብር ፈረሰ። በጥቅምት 2017 በዚያችው ከተማ በአንድ የጭነት መኪና ፍንዳታ ከአምስት መቶ በላይ ሰዎች አለቁ። ከመስጂድ ሐለቃ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው መንገድ እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ጥቂት ብቻ የራቀ ነበር። ሸኽ ሐሰን ዳሂር አዌይስ ራሳቸው በ2013 ከአል-ሸባብ መሪ ከጎዳኔ ጋር ተጣልተው ሸሽተው በመንግሥት እጅ ገቡ።

የኢትዮጵያው ክንፍ ፍጻሜ ግን የተለየ ነው። የድርጅቱ ወራሽ ተደርጎ የሚቆጠረው የተባበረው የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር በ2010 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የሰላም ስምምነት ፈርሞ መሣሪያ አስቀመጠ። በ2018 የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባርም በአሥመራ ተስማማ። በሐምሌ 2022 አል-ሸባብ በአፍዴር በኩል ወደ ሶማሌ ክልል ዘልቆ ሲገባ የክልሉ ኃይሎች ተዋግተውታል። በ1990ዎቹ ኦጋዴን ውስጥ የታጠቀ ንቅናቄ የነበረበት ምድር በ2022 ያንን ንቅናቄ የሚመክት ሆኖ መገኘቱ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ለመምህራንና ለኢማሞች

ከዚህ ታሪክ ለትምህርትና ለኹጥባ የሚሆኑ አራት ነጥቦች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው፣ የወጣቱን ጥያቄ አለመናቅ ነው። የአል-ኢቲሓድ ወጣቶች አብዛኞቹ የተነሡት ከግፍ፣ ከሽንፈትና ከመንግሥት መፍረስ በኋላ ነው። ሕመሙ እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳተው መድኃኒቱ ነው። ሕመሙን የሚክድ መምህር መድኃኒቱ መሳሳቱን ሊያስረዳ አይችልም።

ሁለተኛው፣ የጂሃድን ፊቅህ ከነሸርጦቹ ማስተማር ነው። ርዕሱን ከመፍራት የተነሣ ዝም ማለት ወጣቱን በስልኩ ላይ ለሚሰማው ማንነቱ ለማይታወቅ ድምፅ አሳልፎ መስጠት ነው። ማን ያውጃል? በማን ላይ? ጉዳቱና ጥቅሙ እንዴት ይመዘናል? ተዋጊ ያልሆነ ሰው፣ አማኙና የአማኙ ጎረቤት፣ ምን ጥበቃ አላቸው? እነዚህን ከኪታቡ አንብቦ ከሶማሊያ ታሪክ ጋር ማገናዘብ ለመድረሳ ተማሪ ከባድ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ በአስተምህሮ ልዩነትና በዓመፅ መካከል ያለውን ድንበር መጠበቅ ነው። የአንዱን መስጂድ ጀማዓ በመውሊድ ወይም በቁኑት ልዩነት ምክንያት «አሸባሪ» ብሎ መጥራት፣ ወይም ሌላውን «ሙሽሪክ» ብሎ መኮነን፣ ሁለቱም የሶማሊያን መንገድ መጀመር ናቸው። ልዩነት በዒልም ሐለቃ ይታይ፤ ከአንዱ ሙስሊም ወገን ወደ ሌላው የሚወረወር ክስ በመጨረሻ በሁሉም ላይ ይመለሳል።

አራተኛው፣ ሕጋዊውን በር ማጠናከር ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ ከረጅም ዓመታት ሰላማዊ ጥያቄ በኋላ የመጣ ነው። ጉድለት ያለበትን ተቋም ማረም አድካሚ ነው፤ ሆኖም ጥያቄ ሲነሣ የሚመራበት፣ ልዩነትም የሚሸመገልበት ቦታ ከሌለ ክፍተቱን የሚሞላው ጠመንጃ የያዘ ነው። መንግሥትም በበኩሉ በሰላም ለሚጠይቅ ሰው በሩን ካልከፈተ የታጣቂውን ክርክር ራሱ ያጠናክርለታል።

አል-ኢቲሓድ በ1980ዎቹ መምህራንና ነጋዴዎች የታመኑበት ጀማዓ ነበር። በቦሳሶ ወደብ የተሰጠው ገንዘብና አስተዳደር የዚያ እምነት መለኪያ ነው። ያንን አደራ በአንድ ሰኔ አጣው። የመስጂድ ሚምበርና የመድረሳ ሰሌዳም ሕዝብ ለኢማሙና ለመምህሩ የሰጣቸው አደራዎች ናቸው።